ላንድክሩዘሬን ስንት ላንሳት? ከሜትርና ከጠመኔ ጋር ያሳለፍኳቸው ቅዳሜና እሁዶች

ቅዳሜ፣ ገና ምንም ሳልፈታ

ዛሬ አንድም ቡሎን አልነካሁም። ግማሽ ቀን ሙሉ መኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ የእጅ ባትሪ ይዤ ጠባሳ ስፈልግ ዋልኩ።

መኪናዋ ላንድክሩዘር 100 ናት፣ የ1998 ሥሪት። ከኋላ ወጥ አክስልና ሞላ አላት። ከፊት ግን ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻቸው ነው የሚወጡት የሚወርዱት፤ ሞላም የለም። ክብደቱን የሚሸከመው በሻንሲው ርዝመት የተጋደመ ቶርሽን ባር ነው፤ ሲጠመዘዝ እንደ ሞላ የሚመልስ ዘንግ። የቅርብ ዘመዷ 105 ከፊትም ወጥ አክስል ስላላት፣ በእሷ ላይ የተሠራ ሥራ ሁሉ ለእኔዋ አይሆንም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ስለ «ላንድክሩዘር ማንሳት» ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ሁለቱን እያምታታን ስለምንነጋገር ነው።

ያስቸገረኝ ነገር ግልጽ ነው። የጭነት መኪና ባረሰው መንገድ ስሄድ መሃሉ ላይ ያለው ጉብታ ሆዷን ይቧጥጣታል፤ ከጉድጓድ ስወጣ ደግሞ ኋላዋ ይመታል። ታናሽ ወንድሜ መልሱን ከጨረሰ ቆይቷል። «ወንድምጋሼ፣ አራት ኢንች ነው እንጂ! ከዚያ ካነሰ ምኑን ተነሳች ይባላል?» ይለኛል። አራት ኢንች ማለት 100 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሁለት ኢንች ይበቃል የሚሉም አሉ። እኔ ቁጥሩን ከሰው አፍ ሳይሆን ከራሷ ከመኪናዋ ልወስድ ብያለሁ።

የተጫረውን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ከበብኩና ቁጥር ሰጠሁት። በጣም የቆሰሉት በሁለቱም ጎን ያሉት መርገጫዎች ናቸው፤ ጠርዛቸው ታጥፏል። ቀጥሎ ከኋላ የመጎተቻው መንጠቆ፣ ብረቱ ተፍቆ ያብለጨልጫል። ከዚያ ካምቢዮውን የሚሸከመው አግዳሚ ብረት፣ ቀላል ጭረት። የኋላው ዲፈረንሻል፣ አክስሉ መሃል ያለው የማርሽ ቋት፣ ከሥሩ ጥቂት ተፍቋል። የነዳጅ ታንከሩ መከላከያ ንጹሕ ነው፣ አንድም ጭረት የለበትም።

መርገጫዎቹ ከሻንሲው በታች 70 ሚሊሜትር ተንጠልጥለዋል። እነሱን መፍታት ብቻውን፣ በጎን በኩል ከሁለት ኢንች ሞላ የበለጠ ከፍታ ይሰጠኛል ማለት ነው። ወንድሜ ፊቱ ቅር አለው፤ መርገጫዎቹን ይወዳቸዋል። ከሰዓት በኋላ ፈታናቸው።

እሁድ፣ የልኬት ቀን

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቀን ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ቁመትን ከመሬት መለካት ያሳስታል። የጎማ ንፋስ ሲቀንስ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ጥርሱ ሲያልቅም እንዲሁ። ስለዚህ የምለካው ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው። ይህ ልኬት ጎማው ምንም ይሁን ምን የሚነግረኝ ስለ ሞላውና ስለ ቶርሽን ባሩ ብቻ ነው። ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቆምኳት፤ ከዚያ በፊት ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነዳኋት።

ፊት፣ በሾፌሩ በኩል 497፤ በሌላው 503። ኋላ ሁለቱም 530። ባዶዋን፣ ነዳጇ ግማሽ ሆኖ። ስለዚህ ፊቷን በአማካይ 500 ብዬ ልያዘው። ኋላዋ ከፊቷ 30 ሚሊሜትር ከፍ ብላለች፤ ዕቃ ሲጫንባት እንድትስተካከል ከፋብሪካ ስትወጣም እንዲህ ነው የምትቆመው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ጎማ ካለበት ቦታ ተነስቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። ጉብታ ሲያገኝ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ይከተላል። መኪናዋን በቶርሽን ባር ከፍ ሳደርግ፣ ማለትም የባሩን ማጥበቂያ ቡሎን ሳጠብቅ፣ ለጎማው አዲስ ጉዞ አልጨምርለትም። የታችኛውን ጉዞ ወስጄ ለላይኛው እሰጣለሁ፤ ያው አንድ ጋቢ ነው፣ እግርህን ስታለብስ ራስህ ይገለጣል። ስለዚህ ስንት ላንሳት ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ የታች ጉዞዬ ስንት ነው ማለት ነበረብኝ።

ሻንሲውን በክሪክ ከፍ አድርጌ ካቫሌቶ (መኪና ተሸክሞ የሚያቆም የብረት እግር) ላይ አሳረፍኩት፤ የፊት ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ኮንትሮል አርሙ፣ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ ከታችኛው የላስቲክ ማቆሚያ ጋር ሲገናኝ ለካሁ፤ 585። ከ500 ሲነሳ 85 ሚሊሜትር የታች ጉዞ ነው። ያለው ይኸው ነው።

ወንድሜን ጠራሁትና ሜትሩን ሰጠሁት። «እስቲ አራት ኢንች አንሳት።» 500 ላይ 100 ሲደመር 600 ይሆናል። ጎማው ግን 585 ላይ ቆሟል። አርሙ ማቆሚያው ላይ ደርሶ ካቆመ በኋላ 15 ሚሊሜትር ከየት ይመጣል? ሜትሩን ሁለት ጊዜ አየና ዝም አለ። ከዚያ በላይ መሄድ ከተፈለገ የፊቱን መዋቅር በሙሉ፣ ከነኮንትሮል አርሙ ከነዲፈረንሻሉ፣ በብራኬት ወደ ታች ማውረድ ግድ ይሆናል። ያ ሻንሲ የሚነካ ሌላ ሥራ ነው፤ እኔ ከፍ እንዲልልኝ የፈለግኩትን ዲፈረንሻልም መልሶ ወደ መሬት ያወርደዋል።

ሁለት ኢንችስ? 50 ብወስድ 35 ይቀረኛል። ይቻላል፤ ግን ትንሽ ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር አርሙ ማቆሚያውን እየመታ ይንቋቋል። ቶርሽን ባራቸውን ያጠበቁ ሰዎች «ደረቀችብኝ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው። ባሩ አልጠነከረም፤ ማጥበቂያው የባሩን መነሻ ቦታ እንጂ ጥንካሬውን አይለውጥም። የጠፋው የታች ጉዞው ነው።

እኔ ቢያንስ 50 ሚሊሜትር የታች ጉዞ እንዲቀር ወሰንኩ። 85 ሲቀነስ 50፣ 35። ፊቷ 535 ላይ ትቆማለች። ቁጥሩ በሳጥን ላይ እንደሚጻፍ ቁጥር አያምርም፤ ግን የእሷ ነው።

ከመጨለሙ በፊት ኋላዋንም ፈተንኩ። አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቼ ከኋላ ጫንኩ፤ 200 ኪሎ። 530 የነበረው 492 ሆነ። በ38 ሚሊሜትር ወረደች። ይህችን ቁጥር ጻፍኳት፤ ምን እንደምትጠቅመኝ የገባኝ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሰኞ ማታ፣ ወረቀት ላይ

ሞላና ቶርሽን ባር ገላውን ነው የሚያነሱት። ወጥ አክስሉን፣ ከእሱም ጋር የኋላውን ዲፈረንሻል፣ ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ከኋላ የፈለገውን ያህል ረጅም ሞላ ቢገባ ዲፈረንሻሉ ካለበት አንድ ሚሊሜትር አይነሳም።

አሁን ያለው ጎማ 275/70R16 ነው፤ ሙሉ ቁመቱ 791 ሚሊሜትር። ያሰብኩት 285/75R16 ደግሞ 834። ልዩነቱ 43 ገደማ ነው፤ አክስሉ የሚነሳው የዚህን ግማሽ፣ 21 ሚሊሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ዲፈረንሻል ድንጋይ ላይ ሲቀመጥና ሳይቀመጥ ሲያልፍ ያለው ልዩነት ግን አንዳንዴ ከዚህ ያንሳል። ዋጋውም አለው። ቆጣሪው 100 ሲል በእውነት የምሄደው 105 ይሆናል፤ ማርሾቹም በ5 በመቶ ያህል ይረዝማሉ፤ ዳገት ላይ ይሰማኛል።

ስለ ሆዷ። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2850 ሚሊሜትር ነው። አግዳሚው ብረት መሃል ላይ 300 ሚሊሜትር ከፍታ አለው። ያለመቧጠጥ የምታልፈው ጉብታ ማዕዘን 24 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። በማንሳቱና በጎማው ተደምሮ በ60 ከፍ ብትል 28 ተኩል። አራት ዲግሪ ተኩል ነው ያተረፍኩት፤ የምሄድበት መንገድ ይህን ነው የሚጠይቀው፣ ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

መገልበጥን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም፤ በዚህች መኪና ልጆች ይሳፈራሉ። ግራና ቀኝ ጎማ መሃል ለመሃል ያላቸው ርቀት 1620 ገደማ ነው። የዚህ ግማሽ ለስበት ማዕከሏ ቁመት ሲካፈል፣ ኩርባ ላይ ምን ያህል እንደምትጸና ያሳያል። የስበት ማዕከሏ 750 ላይ ነው ብንልና 50 ብንጨምርበት ጽናቷ በ6 በመቶ ይቀንሳል፤ 100 ብንጨምርበት በ12 በመቶ። ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጭን ሰው ደግሞ ከዚህ ላይ ይደምር። ወንድሜ ይህን ሲያነብ «እሺ» ብቻ ነው ያለው።

ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ጎማው ይገባል ወይ?

ጎማ አራቱንም ከመግዛቴ በፊት አንዱን ተውሼ ሞከርኩ። ብዙዎቻችን አዲስ ጎማ አስገብተን፣ ቆማ ሳለች መሪውን ግራና ቀኝ አዙረን፣ ካልነካ ጨረስን እንላለን። አልጨረስንም። ጎማው የሚነካው ወደ ላይ ሲወጣ ነው፤ ወደ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ደግሞ መኪናዋ ብትነሳም ባትነሳም የሚደርሰው እዚያው ቦታ ነው። የላይኛውን ማቆሚያ ካላስረዘምክ በቀር ማንሳት ለጎማ ተጨማሪ ቦታ አይሰጥም።

ስለዚህ ካቫሌቶ ላይ አስቀምጬ፣ የቶርሽን ባሩን ማጥበቂያ ቡሎን ሙሉ በሙሉ አላላሁት። ባሩ ጉልበቱን ሲያጣ አርሙ እንደ በር እጀታ ላላ። ትንሿን ክሪክ ከአርሙ ሥር አስገብቼ ጎማውን ከታች እስከ ላይኛው ማቆሚያ ድረስ ቀስ እያልኩ አወጣሁት፤ በየ20 ሚሊሜትሩ ወንድሜ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዞራል፤ እኔ ጣቴን በጎማውና በፕላስቲኩ መካከል እያስገባሁ እፈትሻለሁ። ሦስት አራተኛ ያህል ሲወጣ፣ መሪው ሙሉ ሲዞር፣ የጎማው ትከሻ ከኋላ በኩል ያለውን የፓራፋንጎ ውስጥ ፕላስቲክ ነካ። የጭቃ መከላከያውንም እንዲሁ። ፕላስቲኩን 15 ሚሊሜትር ቆረጥኩለት፤ የጭቃ መከላከያውን ወደ ኋላ ገፋሁት። ብረት የሚነካበት ቦታ የለም።

አንድ ማሳሰቢያ። ባሩን ከቦታው የሚያወጣ ሰው ግራና ቀኙን አያቀያይር። ከፋብሪካ ሲወጡ በየአቅጣጫቸው እንዲጠመዘዙ ተደርገው ስለተሠሩ ምልክት አላቸው። እኔ አላወጣሁትም፤ ማላላት ብቻ በቂ ነበር።

ሁለተኛው እሁድ፣ ፊቷን ማንሳት

ማጥበቂያውን ቡሎን ያዞርኩት ጎማዎቹ ተንጠልጥለው፣ ባሩ ክብደት ሳይኖርበት ነው። ክብደቷ ባለበት ሲታገሉት ጥርሱ ይበላል። ከዋዜማው ዘይት አጠጥቼው ነበር፤ ጥርሶቹንም በሽቦ ብሩሽ አጽድቻቸው ነበር። በእኔዋ አንድ ሙሉ ዙር ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ይሰጣል። በሾፌሩ በኩል ስምንት ዙር ተኩል፣ በሌላው ሰባት።

ከክሪክ አውርጄ ለካሁ፤ 548። ደነገጥኩ። መልሼ ላላላው ቁልፉን ካነሳሁ በኋላ ነው የገባኝ። ጎማ ሲንጠለጠል ወደ ውስጥ ይጠጋል፤ ስትወርድ ሲሚንቶው አጥብቆ ይይዘውና ወደ ቦታው ተንሸራቶ እንዳይመለስ ያደርገዋል፤ መኪናዋ እንደ ተቆነጠጠች ከፍ ብላ ትቀራለች። ሰፈሩን አንድ ዙር ነዳኋት፤ ሁለት ጊዜ ፍሬን ያዝኩ፤ ተመልሼ ለካሁ። 535 በአንዱ፣ 534 በሌላው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ያኔውኑ አላልቼው ቢሆን ኖሮ ሥራው ሁሉ ድጋሚ ነበር።

የሲቪ ጆይንቱን፣ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያ፣ የላስቲክ ሽፋን አየሁት። ዘንጉ አሁን ቀድሞ ከነበረው የበለጠ አዘቅዝቋል፤ የላስቲኩ እጥፋቶች ግን እርስ በርስ አይፋተጉም። ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ያለው ማዕዘን አልተለወጠም፤ ማቆሚያው እዚያው ነውና። የተለወጠው ሁልጊዜ የምትሄድበት ማዕዘን ነው፤ ላስቲክ የሚያረጀውም በዚህኛው ነው። የፊቱን ዲፈረንሻል የሚያወርድ ማስገቢያ ይሸጣል፤ በ35 ሚሊሜትር አያስፈልገኝም ብዬ ተውኩት።

ባሩን በወፍራም ልቀይረው ወይ ብዬም አስቤ ነበር። የቶርሽን ባር ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር በአራተኛ እርከን ነው የሚያድገው፤ 10 በመቶ ብቻ ሲወፍር 46 በመቶ ይጠነክራል። ከፊት የብረት ፓራውልትና ዊንች ለጫነ ሰው ግድ ነው። እኔ ምንም አልጫንኩም፤ የቀድሞው ይበቃኛል።

ሦስተኛው ቅዳሜ፣ የኋላው ሞላ፣ የሳትኩበት

የገዛሁት ሞላ «50 ሚሊሜትር፣ ለቋሚ 200 ኪሎ ጭነት» ይላል። ጠንካራ ይሻላል ብዬ ነበር የመረጥኩት። ሾክ አብዞርበሮቹንና የማረጋጊያውን ዘንግ ማያያዣ ፈትቼ አክስሉን በክሪክ ቀስ ብዬ አወረድኩት፤ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ እንዳይወጠር ወንድሜ ዓይኑን ከእሱ አላነሳም። የቀድሞው ሞላ በእጅ ወጣ፤ አዲሱ በእጅ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨረስን።

ለካሁ፤ 612። በ82 ሚሊሜትር ነው የተነሳችው።

በአውራ ጎዳና ሞከርኳት። መሪው ቀለለ፣ ተቅበዘበዘ፤ ቀጥ ብላ እንድትሄድ ያለማቋረጥ ማረም ነበረብኝ። ወረቀቴን አወጣሁ። ኋላዋ አሁን ከፊቷ 77 ከፍ ብላለች፤ ቀድሞ 30 ነበር። የተጨመረው 47 በ2850 ርዝመት ላይ ሲታይ አንድ ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘንበልታ ነው፤ መኪናዋ ወደ ፊት ስታዘነብል የፊት ጎማዎቹ ካስተር፣ ማለትም መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ያለው ዘንበልታ፣ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በየ25 ሚሊሜትሩ ግማሽ ዲግሪ መሆኑ ነው። መሪ ራሱን ወደ መሃል የሚመልሰው በካስተር ነው። ለዚህ ነው የተቅበዘበዘችው።

ማታ በር ላይ ሆኜ ሳያት፣ ዕድሜ ልካቸውን መኪና ሲፈቱ የኖሩ ጎረቤታችን መጡ። ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ ስንት ኪሎ ነው የምትጭነው?»

«ብዙውን ጊዜ ምንም አልጭንም ጋሼ። ወደ ገጠር ስንሄድ 100 ወይም 120።»

«ታዲያ ይህ ሞላ ዕቃ ይጠብቃል፤ አንተ ባዶዋን ትነዳታለህ።»

ሌላ ምንም አላሉም። የጀሪካኖቹ ቁጥር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የሞላ ቁመት ብቻውን የሚጠራ ቁጥር አይደለም፤ ከጭነቱ ጋር ነው የሚነበበው። ሳጥኑ አልዋሸም። «ለቋሚ 200 ኪሎ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ እኔ «50» የምትለዋን ብቻ አነበብኩ።

አራተኛው ቅዳሜ፣ እንደገና ከኋላ

ሞላውን በመካከለኛ ጭነት በሚሠራው ቀየርኩ። ባዶዋን 578። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ጫንኩ፤ በስድስቱ፣ ማለትም በ120 ኪሎ፣ 560። በአሥሩ 548።

እዚህ ላይ ልብ ይባልልኝ። ባዶዋን ያተረፍኩት 48 ነው፤ በ200 ኪሎ ግን ቀድሞ 492 ላይ ነበረች፣ አሁን 548 ላይ ናት። 56 ሚሊሜትር። ተጭና መጥፎ መንገድ ላይ ስትሆን፣ በእርግጥ ከፍታ በሚያስፈልገኝ ሰዓት፣ ያተረፍኩት ይበልጣል። ባዶዋን ቆማ ስትታይ ግን ከወንድሜ አራት ኢንች ጋር አትወዳደርም።

የሾኩን ርዝመትም በሁለቱም ጫፍ ለካሁ። ከኋላ አክስሉን ወደ ታች የሚያቆመው ሾኩ ራሱ ነው፤ በጣም ከረዘመ ሞላው ከመቀመጫው ይወጣል ወይም የፍሬን ቱቦው ይወጠራል። አንዱን የኋላ ጎማ ከፍ አድርጌ ሌላውን አንጠለጠልኩ፤ በተንጠለጠለው በኩል ያለው ሞላ በጣቴ ሊዞር ቢችልም ከመቀመጫው አልወጣም። ቱቦው ላይ ገና ልቅነት አለ።

አክስሉን ከጎን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ በአንድ ጫፉ ከሻንሲው፣ በሌላው ከአክስሉ ጋር ስለታሰረ፣ መኪናዋ ስትነሳ ገላውን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ምን ያህል? በሁለቱም ፓራፋንጎ ላይ ቱንቢ አንጠልጥዬ እስከ ቸርኬው ለካሁ። 4 ሚሊሜትር። የሚያስፈራ አይደለም፤ ተስተካካይ ዘንግ አልገዛሁም። ልብ መባል ያለበት ግን ይህ መዛነፍ በእኩል አያድግም፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን መዛነፉ ከእጥፍ በላይ ይሄዳል። በአራት ኢንች ቢሆን ዘንጉ የግድ ይሆን ነበር።

የአርሞቹን ቡሎኖች መጨረሻ ያጠበቅኳቸው ጎማዎቹ መሬት ላይ፣ መኪናዋ በራሷ ቁመት ቆማ ነው። ተንጠልጥላ ሳለች ከተጠበቁ በቦኮላው (የአርሙ መጋጠሚያ) ውስጥ ያለው ላስቲክ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይሄድና ቶሎ ይቀደዳል።

አራተኛው እሁድ፣ ፍሬን

ጠጠር መንገድ ላይ ጠንከር አድርጌ ፍሬን ያዝኩ። አፍንጫዋን ደፋች፤ ኋላዋ ያልያዘ ያህል ተሰማኝ። ለመቆም ከወትሮው ረዘመብኝ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ወደ ቤት በዝግታ ተመለስኩ።

ከኋላ አክስል በላይ ሻንሲው ላይ አንዲት ቫልቭ አለች፤ በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘች። ዕቃ ሲጫን ገላው ይወርዳል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቯም ለኋላ ፍሬን የበለጠ ግፊት ትለቃለች። ባዶ ሲሆን ኋላው እንዳይቆለፍ ትቀንሳለች። እኔ ገላውን ሳነሳባት «ጭራሽ ባዶ ናት» ብላ ገመተች፤ የኋላውን ፍሬን ቆጠበችው። ይህን አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ፤ በጣም የማዝንበት ስህተት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ቢሳት መሪ ይቅበዘበዛል ወይም ላስቲክ ያልቃል፣ ይህ ግን ሰው ላይ ይደርሳል። የዘንጓን መያዣ አክስሉ ላይ በተነሳው ልክ ከፍ አድርጌ አሰርኩት፤ ዘንጓ ቀድሞ ወደነበረችበት ማዕዘን ተመለሰች። ጠጠሩ ላይ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አራቱም ጎማዎች እኩል ያዙ።

ማንም ኋላውን ሲያነሳ ሞላውን ከማስገባቱ በፊት ይህችን ዘንግ ይፈልግ። ሁሉም መኪና የለውም፤ ያለው ግን ሊያልፋት አይገባም።

ረቡዕ፣ አላይመንት

አጭር ቀን። ከመነሳቷ በፊት ያሳየኝ ካስተር 2.9 ዲግሪ ነበር፤ አሁን 2.1 አሳየ። በታችኛው አርም ላይ ባሉት ማስተካከያ ቡሎኖች 2.8 ደረሰ፤ ካምበሩም፣ የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል፣ ተስተካከለ። መሪው ወደ መሃል ይመለሳል። በዚያው ምሽት የፊት መብራቶቹን ወደ ታች አወረድኳቸው፤ ከመንገድ ከ50 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ብለው የመጪውን ሰው ዓይን ይመቱ ነበር።

ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ

አዲስ ሞላ ይረጋጋል። ኋላዋ 578 የነበረችው 573 ሆናለች። ፊቷ በሾፌሩ በኩል 531፣ በሌላው 533። ግማሽ ዙር በአንዱ በኩል ጨመርኩ፤ ነዳኋት፤ ለካሁ፤ 533 ለ533። ከዚህ በኋላ አልነካትም።

አግዳሚው ብረት አሁን 358 ከፍታ አለው፤ 300 ነበር። የኋላው ዲፈረንሻል 215 የነበረው 236 ላይ ነው፤ የጎማው 21 ሚሊሜትር ብቻ። በጭነት መኪና የታረሰው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ሄድኩበት፤ ከመሄዴ በፊት አግዳሚውን ብረትና ዲፈረንሻሉን በጠመኔ ቀብቼ ነበር። በአግዳሚው ላይ ጠመኔው ሳይነካ ተመለሰ። በዲፈረንሻሉ ሥር ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ተጠርጓል፤ እዚያ ላይ ድንጋዩን እያየሁ ጎማዬን ማሳረፍ የኔ ሥራ ነው። የመጎተቻው መንጠቆ አንድ ጊዜ መሬት ነክቷል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እፈታዋለሁ፤ ስጎትት ብቻ ይታሰራል።

ወንድሜ ዛሬ ወሰዳት። ሲመለስ ቁልፉን ሰጠኝና «ወንድምጋሼ፣ ጉድጓዱን ስትገባ አትንቋቋም» አለኝ። 50 ሚሊሜትር የታች ጉዞ ትቼላታለሁና አትንቋቋም።